በነሐሴ የተደፋው ውሃ

ገብረየሱስ ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣልን ሰው ነው። ባለቤቴ ኃይለመለኮት በ1961 ዓ.ም. ልደታ ያለውን ግቢ ከአንድ ግሪካዊ ኮንትራክተር ሲገዛ፣ ሰውየው ቁልፉን ካስረከበን በኋላ ወደ ጓሮ ወስዶ የመዋኛ ገንዳውን አሳየን። ገንዳው ዳር አጠር ያለ፣ ደንደን ያለ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቆሟል። «ይሄን ሰው እንዳትለቁት» አለን ግሪኩ። «ገንዳው ሲቆፈር ጀምሮ የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ከሄደ በሁለት ወር ውስጥ የእንቁራሪት ቤት ይሆንባችኋል።»

እኔ ዋና አልችልም፤ ገንዳ ያለው ቤት ውስጥ መኖሩም ያሳፍረኝ ነበር። ኃይለመለኮት ግን ጠበቃ ነው፤ ችሎት ከመግባቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ዋኝቶ፣ ፀጉሩ ሳይደርቅ ፋይሉን በብብቱ ይዞ በእግሩ ወደ ፍርድ ቤት ይወርዳል። ውሃው ሁልጊዜ ወለሉ ላይ የወደቀ መርፌ እስኪታይ ድረስ ጥርት ያለ ነበር። ያ የገብረየሱስ ሥራ ነው። የእምድብር ሰው ነው፤ የቧንቧ ሥራ የተማረው በልጅነቱ ከካቶሊክ ሚሲዮኖች ነው። ሚስቱ ጠጅቱ ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች።

ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ለመናገር አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። በ1964 ገንዳው ውሃ መቀነስ ጀመረ። በየቀኑ ሁለት ሦስት ጣት ይወርዳል። ኃይለመለኮት ወለሉ ይፈንቀል አለ። ገብረየሱስ ግን «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ውሃው ወደ ፀሐይ እየሄደ ይሁን ወደ መሬት እንወቅ» አለና አንድ ባልዲ ከገንዳው ውሃ ሞልቶ ደረጃው ላይ አስቀመጠ። የባልዲውንም የገንዳውንም ውሃ ልክ በጠመኔ አሰመረ። በሁለተኛው ቀን የባልዲው ውሃ አንድ ጣት ወርዷል፤ የገንዳው አምስት። «ፀሐይ የወሰደችው አንዱን ነው» አለ። «አራቱን መሬት ወስዶታል።» ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ውሃው እስኪረጋ ጠብቆ፣ ከኃይለመለኮት የብዕር ቀለም አንድ ብልቃጥ ተቀበለና በግድግዳው ጥግ ጥጉን ጠብ ጠብ ሲያደርግ ዋለ። ቀለሙ የትም አልሄደም። ከውሃው በታች ወዳለው መብራት ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ እንደ ክር ወደ መብራቱ ጠርዝ ገባ። ቀዳዳው በትንሽ ሲሚንቶ ተደፈነ። ኃይለመለኮት በዚያ ሳምንት ላገኘው ሰው ሁሉ ያንን ያወራ ነበር፤ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ማስረጃ የሚያቀርብለት መርማሪ አይቶ እንደማያውቅ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1970 ኅዳር ኃይለመለኮትን ከቢሮው ወሰዱት። የተከሰሰበትን ነገር ማንም በግልጽ አልነገረኝም፤ ለማይገባቸው ሰዎች ጥብቅና ቆሟል አሉ። በሦስተኛው ወር ትልቁ ቤት ተወረሰና እኔ ጓሮ ወዳሉት ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች ወረድኩ። ገንዳው የመንግሥት ሆነ፤ ገብረየሱስም በቀበሌው በኩል ተቀጥሮ እዚያው ቀረ። ከመኝታ ክፍሌ በር እስከ ገንዳው ጠርዝ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ትልቁ ቤት የተሰጠው ጓድ ሸዋዓለም ለሚባል ሹም ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ያኔም በደንብ አላወቅሁም። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነበር። ሲያልፍ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ነው ብል ይከብደኛል።

ያን ጊዜ ክሎሪን ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ገብረየሱስ በረኪና ከያለበት እየለመነ ጥቂት ወራት ገፋበት። በ1971 የማጣሪያው ሞተር ተቃጠለ፤ መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ከውጭ ደግሞ የሚመጣ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ውሃውን የሚያነቃንቀው የገብረየሱስ ክንድ ብቻ ነበር። በረጅም እንጨት ላይ ብሩሽ አስሮ ግድግዳውን ይፈትጋል፣ ቅጠሉን በመረብ ይለቅማል። የ1972 ክረምት ሲገባ ግን አልተቻለም። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ፣ በሐምሌ መጨረሻ ላይ ወለሉም ደረጃውም የማይታይ ልጋግ ብቻ ሆነ። ይሸታል። ገብረየሱስ ጠርዙ ላይ ቆሞ ሲያየው እኔ ፊቱን አላይም ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ፣ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ሳለ ጓድ ሸዋዓለምን ገንዳው ዳር ከገብረየሱስ ጋር ቆሞ አየሁት። በእኔና በእነሱ መሀል የተሰጣ አንሶላ ብቻ ነበር። ለአብዮቱ በዓል ማግሥት ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ ግብዣው ጓሮ ነው የሚሆነው አለ።

«ውሃውን ድፋው። ግድግዳውን ፈትግና ሰማያዊ ቀለም ቀባው። መስከረም ሁለት ከመድረሱ በፊት ንጹሕ ውሃ ይሞላል» አለው።

«ጓድ፣ ጥቅምትን ይጠብቁልኝ» አለ ገብረየሱስ። «በነሐሴ ገንዳ ባዶ አይደረግም።»

«ለምን?»

«መሬቱ ጠግቧል። አሁን ግድግዳውን ከውጭ የሚገፋው ውሃ ብዙ ነው። ያንን ገፍቶ የያዘው ከውስጥ ያለው ውሃ ነው። ከውስጥ ያለውን ካወጣነው ከሥር ያለው ያነሳዋል።»

ጓድ ሸዋዓለም ፈገግ አለ። «ሲሚንቶና ብረት ነው፤ እንዴት ብሎ ይነሳል?»

ገብረየሱስ አልተከራከረም። ከልብስ መስጫው አጠገብ ወዳለው አሮጌ ጉድጓድ ወሰደው። ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ወደ ውስጥ ለቀቀና፣ መልሶ ስቦ የረጠበውንና የደረቀውን በክንዱ ለካለት። የጉድጓዱ ውሃ ከአፉ ሁለት ክንድ ብቻ ነው የሚርቀው። የገንዳው ጥልቀት አምስት ክንድ ነው። «ውሃው እዚህ ድረስ ቆሟል» አለ ገመዱን እያሳየው። «የገንዳው ወለል ከዚህ በታች ነው። ባዶ ጀልባ ማለት ነው እኮ ጓድ።»

«ያኔ ሲሠራ ይሄን አላሰቡም?»

«አስበዋል። ወለሉ መሀል ከሥር የሚመጣ ውሃ ሲገፋው የሚከፈት የነሐስ ክዳን አለ። ግን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ይከፈት አይከፈት ሳልገባ አላውቅም። ካልተከፈተ ወለሉን ሦስት አራት ቦታ ብንበሳው ይተነፍሳል፤ በኋላ እደፍነዋለሁ።»

ጓድ ሸዋዓለም ገንዳውን አየ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ «የሕዝብ ንብረት አይበሳም» አለው። «እንግዶቹ ጥቅምትን አይጠብቁም። ዛሬ ጀምር።»

ገብረየሱስ ቆቡን አውልቆ እንደገና አጠለቀው። «እሺ ጓድ። ነግሬዎታለሁ» አለ።

ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከአንሶላው ኋላ መቆሜንም ገብረየሱስ ያውቅ ነበር፤ ሲመለስ በአጠገቤ አልፎ «ሰሙ አይደል እትዬ ተናኘ» አለኝ። ሰማሁ አልኩት።

በናፍጣ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ከአንድ ቦታ ተውሰው አመጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጮህ ዋለ፤ አረንጓዴው ውሃ በበሩ ሥር እየወጣ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። ገብረየሱስ ውሃው ወገቡ ጋ ሲደርስ ጀምሮ ገብቶ ክዳኑን ሲፈልግ ነበር። አርብ ቀትር ላይ ወለሉ ታየ። ክዳኑን በመፍቻ፣ በመዶሻ፣ በጋዝ ታገለው። ነሐሱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ ደርቋል። ወጥቶ ወደ ትልቁ ቤት ሄደና ቢያንስ አንድ ቦታ ልብሳው ብሎ እንደገና ለመነ። በመስኮት በኩል አይሆንም ተባለ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ እስከ ንጋት አላባራም።

ቅዳሜ ጠዋት የቁርስ ሻይ ጥጄ ነበር። ድምፁ ፍንዳታ አልነበረም፤ ከባድ በር ከመሬት ሥር እንደተዘጋ ያለ ነገር ነው። የሻይ ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጫቀጩ። ወጥቼ ሳይ የገንዳው ወለል መሀሉ እንደ በሬ ጀርባ ወደ ላይ አብጧል። ንጣፉ ተሰነጣጥቆ ተነቃቅሏል፤ በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ከጥጉ እስከ ላይ ተከፍቷል፤ በስንጥቁ ቡናማ ውሃ ቀስ ብሎ ይገባል። ገብረየሱስ ትንሽ ቆይቶ ደረሰ። ቆቡን አውልቆ እርጥቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ጓድ ሸዋዓለም በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየና በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ «ምንድን ነው ያደረግኸው?» አለው።

ያኔ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ገብረየሱስም የገባው መሰለኝ፤ ቀና ብሎ ያየው እሱን ሳይሆን እኔን ነበርና።

ሰኞ ወሰዱት። ክሱ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው፤ የአብዮቱን በዓል ለማደናቀፍ ሆን ብሎ የሕዝብ ንብረት አፍርሷል የሚል። ማክሰኞ ጠጅቱ መጣች። የሽንኩርት ሽታ ባለው ነጠላዋ እጇን ጠቅልላ ደጄ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባ አለች።

«እትዬ ተናኘ፣ ሰምተዋል ይላል» አለችኝ። «አይበሳም ሲሉት፣ ጠብቁ ሲላቸው፣ ሁሉንም ሰምተዋል ይላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሐሙስ ሸንጎ ይቀርባል። የሰሙትን ይነግሩልኛል?»

«እነግርልሻለሁ» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ስናገር ከልቤ ነበር።

ረቡዕ ወደ ማታ ጓድ ሸዋዓለም ራሱ መጣ። ደጄ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ሻይ ብሰጠው አልጠጣውም። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ከዚያ «የባለቤትሽ ጉዳይ እየታየ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አለ። «እንዲህ ባለ ጊዜ የአንቺ ስም በቀበሌ መዝገብ ባይነሳ ጥሩ ነው። ለምክር ያህል ነው።» ያልጠጣውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔም ልጆች አሉኝ» አለና ተነስቶ ሄደ። ዛቻ ነው ልል አልችልም። ዛቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ ቀበሌው አዳራሽ ገባሁ። ጠጅቱ ከውጭ፣ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች አሉ። ገብረየሱስ ጫማውን አውልቀውበት በስተግራ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጓድ ሸዋዓለም ከእኔ በፊት ቃሉን ሰጥቷል፤ ሠራተኛው ስለ ውሃውም ሆነ ስለ መሬቱ አንዳች ማስጠንቀቂያ አልሰጠኝም ብሏል። ሰብሳቢው ያንን አነበበልኝና ጠየቀኝ።

«ተከሳሹ አንቺን ምስክር ቆጥሯል። የተባለውን ንግግር ሰምተሻል?»

ኃይለመለኮትን አሰብኩ። በየሳምንቱ ስንቅ ይዤ ከርቸሌ በር የምቆመውን፣ ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስልኝ በሕይወት አለ ብዬ የምተነፍሰውን አሰብኩ። ምክንያት ነው ብዬ አይደለም፤ ያሰብኩትን ለመናገር ነው።

«ልብስ እያሰጣሁ ነበር» አልኩ። «ሲነጋገሩ አይቻለሁ። የተናገሩትን ግን አልሰማሁም።»

ጸሐፊው ጽፎ ወረቀቱን አዞረልኝ፤ ፈረምኩ። ገብረየሱስ አላየኝም። እጆቹን ነበር የሚያየው፤ በጥፍሮቹ ሥር የደረቀ አረንጓዴ ልጋግ ነበር። ስወጣ ጠጅቱ ከድንጋዩ ተነሳች። ምንም ሳልላት በአጠገቧ አለፍኩ፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ከፊቴ አነበበችው።

አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈረዱበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ቀን ምሳ ዕቃ ሞልቼ በሰው እጅ ለጠጅቱ ላኩ፤ ለገብረየሱስ ታድርስለት ብዬ። ምግቡ ሳይነካ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ተመለሰልኝ። ሁለተኛ አልሞከርኩም። ልደታ ማርያም የምሄድበትን መንገድ ቀየርኩ፤ በእሷ መደብ ፊት ላለማለፍ በላይኛው በር መግባት ጀመርኩ።

ገንዳውን የቀበሌው ዘማቾች በሁለት እሁድ አፈርና ፍርስራሽ ሞሉበት። ግብዣው ሌላ ቦታ ሆነ። ጓድ ሸዋዓለምም ዓመት ሳይሞላው ወደ አንድ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ እቃው ሲጫን በመስኮቴ አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ ሰላም አልተባባልንም።

ኃይለመለኮት በ1975 መስከረም ተፈታ። በየበዓሉ ከሚፈቱት ጋር ስሙ ተጠርቶ ወጣ። ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ፀጉሩ ሳስቶ ነጭ ሆኗል። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ተኛ። በማግሥቱ ጠዋት ደጁ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ሲበላ አፈር የተሞላውን ቦታ አየ።

«ገንዳው የት ሄደ?» አለ። ቀጥሎም «ገብሬስ?»

ነገርኩት። አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት። ዳቦውን አስቀምጦ ሰማኝ፤ ከዚያ እንደ ጠበቃ ጠየቀኝ።

«ቃልሽን የሰጠሽው በአፍ ብቻ ነው?»

«ፈርሜበታለሁ።»

«‹አልሰማሁም› ነው ያልሽው ወይስ ‹አላስታውስም›?»

«አልሰማሁም ነው ያልኩት።»

የዳቦውን ፍርፋሪ ከጉልበቱ አራገፈ። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር። በመጨረሻ «እኔን እንዲህ ብለሽ ከሆነ ያስፈታሽኝ፣ አብረን ሄደን እንንገረው» አለ።

«ማን እንዳስፈታህ አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። ዝም ማለቴ አንድ ቀን ያሳጠረለት ይሁን፣ ምንም ያልፈየደ ይሁን የነገረኝ ሰው የለም።

ያንኑ ቀን ከሰዓት ቁልቁለቱን በቀስታ ወረድን። ኃይለመለኮት በየመቶ እርምጃው ያርፋል። ገብረየሱስ ደጁ ላይ ተቀምጦ የሰው ቡታጋዝ እየፈታታ ነበር። ከተፈታ ስምንት ወር ገደማ ሆኖታል፤ ሥራ የሚሰጠው ግን የለም፤ አሻጥረኛ የሚል ወረቀት ስላለው የጎረቤት ዕቃ እየጠገነ ይኖራል። ከስቷል፤ ሲናገር ከደረቱ ውስጥ ፉጨት ይሰማል። ኃይለመለኮትን ሲያይ ተነስቶ ትከሻውን ሳመው። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ። እኔ ጥቂት ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ከዚያ ቀረብኩና ተናገርኩ። አሥራ አንድ ዓመት አንተ እያልኩ ያዘዝኩትን ሰው፣ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «ሰምቼ ነበር። ዋሸሁብዎት። ይቅር ይበሉኝ» አልኩት።

ገብረየሱስ የቡታጋዙን ክር በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠ። «እውነቱን ልንገርዎት እትዬ ተናኘ» አለ። «ያን ቀን ሲገቡ ሳይዎት፣ ምነው ባይናገሩ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ጌታዬ እስር ላይ መሆናቸውን አውቃለሁ። ሳይናገሩ ሲወጡ ደግሞ ጠላሁዎት። ሁለቱም እውነት ነው። አሁንም ሁለቱም አሉ።»

ጠጅቱ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ለኃይለመለኮት አንገቷን ዝቅ አድርጋ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት አለችው። ወደ እኔ ስትዞር ድምጿ አልተለወጠም።

«እኔ አስፈቱልኝ አላልኩም» አለችኝ። «ሰምተዋል ወይ ብዬ ነው የጠየቅሁት። ሰምቻለሁ አሉኝ። አይ፣ እፈራለሁ ቢሉኝ ኖሮ እኮ ልጆቼን ይዤ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።»



ኃይለመለኮት በዚያ ሳምንት አቤቱታ ጻፈ። እኔም የሰማሁትን ቃል በቃል ጻፍኩ፤ የጉድጓዱን ልኬት፣ የነሐሱን ክዳን፣ «ነግሬዎታለሁ» ያለውን፣ ቀድሞ የሰጠሁት ቃል ሐሰት መሆኑንም። ፈረምኩበት። ወረቀቱን ያስገባነው ለአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ተቀብለው ማኅተም መቱልን። በወሩ ሄድን፣ በሦስት ወሩ ሄድን፤ በሂደት ላይ ነው አሉን። እኔን አንድም ቀን ለምን ዋሸሽ ብሎ የጠራኝ የለም። ኃይለመለኮት ሄዶ ሲጠይቅ ወረቀቱ የተቀመጠበትን ክፍል የሚያውቅ ሰው አጣ።

ገብረየሱስ በ1977 የካቲት አረፈ። ሳንባው ነው አሉ፤ የታሰረበት ክፍል በክረምት ውሃ ይገባበት እንደነበር ጠጅቱ ለለቀስተኞች ስትናገር ሰማሁ። ጉለሌ ነው የተቀበረው። ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ኃይለመለኮት በሁለት ሰው ተደግፎ ቆመ።

በሠልስቱ ልመለስ ስነሳ ጠጅቱ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችኝ። ከሸንጎው ቀን ጀምሮ ያላደረገችውን ነው።

«ያ የጻፉት ወረቀት፣ ግልባጭ አለው?» አለችኝ።

«አለ። ቤት ተቀምጧል።»

«ይስጡኝ» አለች። «መንግሥት ባያነበው ልጆቹ ያንብቡት።»

በማግሥቱ ጠዋት ወሰድኩላት። መደቡ ላይ ሽንኩርት እየደረደረች ነበር። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀበለችኝ፣ ለአራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።